ከጠባሳው በታች

በሉካ ኮረብታ ውርጩ ለቆ ሄደ፤
የሎሚ ቤታችን በር ተበረገደ።
ጋኑን በጋሪ ላይ፣ እንደ አራስ ሴት፣
ቀስ ብለን አወጣን ከጨለማው ቤት።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ እናቴ ዴልፊና
ካገባች ሁለት ወር አልሞላትም ገና።
ኦታቪዮ ዝምተኛ፣ ጥቂት ነው የሚያወራው፤
ሰውን እንኳ ሲጠራ በጣቱ ነው የሚጠራው።
በጣቱ ጠራኝና መቀስ አስጨበጠኝ፤
የዚያን ቀን ትምህርቱ እስከ ዛሬ አለኝ፦

«መጀመሪያ የሞተውን።
ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን።
ዓይኑ ወደ ውጭ ካየ ከዓይኑ በላይ ቁረጪ፣
ገደድ አድርገሽ፣ ውኃ እንዳይተኛበት።
ወፍ በመሃሉ ስታልፍ ክንፏ አይነካ።

ውኃ ከማጠጣትሽ ጣትሽን ጠይቂ፤
እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ዝለቂ፤
እርጥብ ከሆነ ተዪው።
ሎሚ ከጥማት ይልቅ
በደግ ሰው እጅ ነው የሚሞተው።»

ግብጦ ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ ካፈሩ ቀላቅለን፣
ከራሳችን ሳህን ለሎሚው አካፍለን፣
የዛገ ምስማር ነክረን ቅጠሉ ሲገረጣ፣
ተባዩን በሳሙና ስንጠርግ ጀምበር ስትወጣ፣
አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ፣ ጎረቤታችን ኔላ፣
ስትል ሰማኋት፦ «ያቺ የዴልፊና ዲቃላ»።

ምሳ አልበላሁም።
ምን ሆንሽ አላለኝም። ለካ እሱም ሰምቷል።
ወደ ጋኑ ወሰደኝ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቴን ይዞ
ከግንዱ እግር አስነካኝ፦ ጠባሳ፣
እንደ ወደቀ ልጅ ጉልበት የጎረበጠ።

«ከዚህ በላይ ሎሚ ነው፤ ከዚህ በታች ሌላ፣
ማንም ልጦ የማይበላው መራራ ብርቱካን።
ሎሚያችን ድቅል ነው» አለኝ። «ዲቃላ።
ብርዱን የሚችልለት መራራው ሥሩ ነው፤
ዛፉን የሚያቆመው ስሙ የማይጠራው ነው።»

ይህን ያህል ሲናገር ያኔ ብቻ ሰማሁት።
ወዲያው ደግሞ ፊቱን ቋጥሮ፦
«ግን ከጠባሳው በታች ያቆጠቆጠ ካየሽ፣
ቁረጪ። ምሕረት የለም። ሎሚውን ይውጠዋል።»

ሠላሳ አምስት ዓመት። እናቴ በመሃል አረፈች።
የኦታቪዮ እጅ መቀስ መያዝ ተወች።
አምና ጥቅምት ወድቆ ሆስፒታል ስናመላልሰው
ጋኑ ውጭ ቀረ። የረሳሁት እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ሰው
አልነበረም። ኅዳር አንድ ሌሊት ውርጭ ጣለ።
በምርኩዝ ቆሞ አየው፣ የጠቆረውን ሁሉ።
ምንም አላለም። እሱ ነው የከበደኝ።

በሚያዝያ ደረቁን እስከ ጠባሳው ቆረጥኩት፤
በግንቦት ከሥሩ አንድ ቀንበጥ አየሁት፣
እሾሃም፣ ደማቅ፣ የማያፍር።
መቀሱን በአልኮል ጠረግሁ።
ከመስኮቱ መስታወቱ ተንኳኳ፤ በጣቱ ጠራኝ።

«ተዪው፣ ኤርሲሊያ።»
«ከጠባሳው በታች እኮ ነው።»
«አውቃለሁ» አለ። «የቀረን እሱ ነው።»

በነሐሴ ቀንበጡ እርሳስ አከለ።
ዓይን ፍለጋ ኔላ ዘንድ ሄድኩ፤ ዘጠና ሊሞላት ነው።
የእሷ ሎሚ ከእኛው ጋን የወጣ ነበር፣
እናቴ በበዓል የሰጠቻት።
ያን ቃሏን ረስታው ይሆን? አልጠየቅኋትም።
«ከፀሐይ በኩል ያለውን ውሰጂ» አለች፣
ከነፍሬውም ሦስት ሎሚ ጨመረችልኝ።

የመራራውን ልጥ ሰንጥቄ ዓይኑን አስገባሁ፣
የቅጠሉን እግር፣ ከሩዝ የማትበልጥ ጭራ፣ ትቼ፤
በላስቲክ ጠቀለልኩ።
ከዚያ ሦስት ሳምንት አለመንካት ነው።
ጭራዋ ደርቃ ከተጣበቀች፣ ዓይኑ ሞቷል፤
በጣት ጫፍ ስትነካ ከወደቀች፣ ይዟል።

በየማለዳው በመስኮት «ወደቀች?» ይለኛል፣
ቀኑ እንዳልደረሰ እያወቀ።
«ገና ነው።»
«ጣትሽን አርቂያ!»

ዛሬ ሃያ አንደኛው ቀን።
ጤዛ አለ። ጣቴን ዘረጋሁ።
መስታወቱን ሲያንኳኳ እሰማለሁ።